ስለ መድኃኒት ልክና ሰዓት



«መድኃኒት» የሚለው ቃል «አድኀነ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ አዳኝ ነገር ማለት ነው። ነገር ግን በየሰፈሩ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሰማ ሰው፣ ሰውዬው ተመረዘ ማለት እንደ ሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። የጥንት ግሪኮችም «ፋርማኮን» በሚለው በአንድ ቃላቸው መድኃኒትንም መርዝንም ይጠሩበት ነበር፤ ዛሬ «ፋርማሲ» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ፓራሴልሰስ ደግሞ ነገር ሁሉ መርዝነት እንዳለውና መርዝ እንዳይሆን የሚያደርገው መጠኑ ብቻ እንደ ሆነ አስተምሯል። እንግዲህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናስረዳ ያሰብነው፣ አንዱን ነገር ከመርዝነት ወደ አዳኝነት የሚያሻግሩት ሁለት ነገሮች፣ ማለት ልክና ሰዓት፣ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከኮሶ ተምረውታል። ጥሬ ሥጋ ከመብላት የሚመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ባላባቱም ገበሬውም የኮሶን አበባ አድርቆና ፈጭቶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ በባዶ ሆዱ ሲጠጣ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት የኤውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህንኑ አበባ ከአገራችን እያስመጡ ለበሽተኞቻቸው ያዝዙት ነበር። ሆኖም የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ካምናው ኀይሉ ስለሚለያይ፣ በእፍኝ የሚሰፍር ሰው ምን ያህል እንደ ጠጣ አያውቅም። ስለዚህ ከልክ በላይ ጠጥተው ክፉኛ ያስታወካቸው፣ የዐይናቸው ብርሃን የተጎዳ፣ ሕይወታቸውም ያለፈ ሰዎች ነበሩ። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ዛሬ በመድኃኒት ቤት የሚገኘው የኮሶ ትል መድኃኒት ከአበባው የሚበልጥበት ዋናው ምክንያት የባሕር ማዶ ዕቃ መሆኑ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ኪኒን ውስጥ ያለው መጠን በሚሊግራም ተመዝኖ የታወቀ መሆኑ ነው።

የተዋጠ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ አራት ነገር ያገኘዋል። አንደኛ፣ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ሁለተኛ፣ ደም ወደየአካሉ ያደርሰዋል። ሦስተኛ፣ ጉበት ይለውጠዋል። አራተኛ፣ ኩላሊት አጣርቶ ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ሁሉም መድኃኒት በዚህ መንገድ በእኩል አይሄድም፤ አንዳንዱ በጉበት ሳይለወጥ እንዳለ በኩላሊት ይወጣል። ከዚህም የተነሣ ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው፣ ለጤነኛው የሚስማማው ልክ ለእርሱ ይበዛበታል። ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ስለ ቀድሞ ሕመም የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም።

የዚህን ነገር ክብደት ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የሆነው ነው። ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በለንደን አገኘው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ፍሎሪና ቼይን የተባሉት ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋር አጣርተው ለሰው እንዲሆን ካዘጋጁት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1941 ዓ.ም. ቁስሉ ፊቱን ወርሶ አንድ ዐይኑን ላሳጣው ለአንድ ፖሊስ ሰጡት። ሰውዬው ባንድ ቀን ውስጥ ይሻለው ጀመር፤ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም በላ። ነገር ግን በዓለም ላይ የነበረው ፔኒሲሊን እጅግ ጥቂት ነበር። ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ሽንት የወጣውን መድኃኒት እያጠሩ መልሰው እስከ መስጠት ደረሱ። በመጨረሻ ጨርሶ አለቀ፤ ሕመሙም ተመልሶ አገረሸበትና በመጋቢት ወር ሞተ። ያ ሰው የሞተው መድኃኒቱ የማይሠራ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሳይጨርስ ስላለቀበት ነው።

መድኃኒቱ እንዲህ በቶሎ ወደ ሽንት የሚሄድበትን ምክንያት በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። በደም ውስጥ ያለ መድኃኒት ግማሹ ተወግዶ ግማሹ የሚቀርበት ጊዜ አለው፤ ይህም ለየመድኃኒቱ ይለያያል። በመጀመሪያ የተሠራው ፔኒሲሊን በግማሽ ሰዓት ገደማ ግማሹ ይወጣል። እንግዲህ 800 ነበረ ብንል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 400፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 200፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 100፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 50 ብቻ ይቀራል። በተቀደደ እንስራ ውሃ የሚያኖር ሰው ቶሎ ቶሎ ካልጨመረ በስተቀር እንስራው ባዶ ይሆንበታል። አብዝቶ ባንድ ጊዜ ቢጨምር ደግሞ ሞልቶ ይፈሳል። የመድኃኒት ሰዓትም የተደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ጀርሙን ለመግደል ከማይበቃበት ዝቅ እንዳይል፣ ሰውነትንም ከሚጎዳበት ከፍ እንዳይል።

ስለዚህ ሐኪሙ «በየ8 ሰዓቱ» ብሎ የጻፈውን መድኃኒት ጧት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት መውሰድ ይገባል። ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት ጋር ብቻ ማስማማት ሌሊቱን ሙሉ እንስራውን ባዶ ማሳደር ይሆናል። የረሳም ሰው ያለፈውን ለማካካስ ሁለቱን ባንድነት አይዋጥ።

ሊቃውንት በኋላ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ደም የሚገባ ቤንዛቲን የተባለ የፔኒሲሊን ዐይነት ሠርተዋል። ይህ ነገር በተለይ መምህራንን ይመለከታል። በጉሮሮ ሕመም የሚጀምር ሩማቲክ የሚባል ትኩሳት አለ፤ እየተመላለሰም የልብን በሮች ያበላሻል። ይህ ሕመም የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ አንድ መርፌ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት። ልጁ ደኅና መስሎ ሲሮጥና ሲጫወት ያየ ሰው «ድኗል፣ ምን ያደርግለታል?» ይላል። መርፌው ግን ያለፈውን ሕመም ሳይሆን የሚመጣውን ይከላከላል። የመርፌው ቀን የደረሰበት ተማሪ ፈቃድ ሲጠይቅ ሳያጉረመርሙ የሚሰጡት፣ ቢረሳም የሚያስታውሱት መምህር የልጁን ልብ ጠበቁ ማለት ነው።

ልጅ ታናሽ አዋቂ ሰው እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ1959 ዓ.ም. በአሜሪካ ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው አራስ ሕፃናት ቆዳቸው ዐመድ እየመሰለ መሞታቸው ተገልጦ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ የአራስ ሕፃን ጉበት ገና ስላልጠነከረ መድኃኒቱን ሊለውጠው አለመቻሉና በደሙ ውስጥ መከማቸቱ ተረጋገጠ። ስለዚህ ለልጅ የሚሰጠው መድኃኒት በኪሎው ተሰልቶ ይታዘዛል እንጂ፣ ያዋቂውን ኪኒን በግምት ገምሶ መስጠት አይገባም። የሽሮፕም መለኪያ ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ነው፤ የወጥ ቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ስለ ሆነ ሊታመን አይችልም። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥም፤ በማደግ ላይ ያለውን ጥርስ ለሁልጊዜው ያጠይመዋልና። እንክብሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን በቁስል ላይ መነስነስም ከሕክምና የተቆጠረ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም ጀምሮ መተው ነው። ፍሌሚንግ በ1945 ዓ.ም. ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰዎች መድኃኒቱን ከልክ አሳንሰው ቢወስዱ ጀርሞቹ ሳይሞቱ እንደሚለምዱት አስጠንቅቆ ነበር። የፈራውም ደረሰ። ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ ብቻውን ተሰጥቶ በእንግሊዝ አገር በተመረመረ ጊዜ፣ በ1948 ዓ.ም. እንደ ተገለጠው፣ በሽተኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት እጅግ ተሻላቸው፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ሰውነት ውስጥ የቀረው ጀርም መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ደካሞቹ ጀርሞች ሲሞቱ ብርቱዎቹ ተርፈው ተራብተዋልና። ዛሬ ለነቀርሳ አራት ዐይነት መድኃኒት ባንድነት ተጀምሮ ሕክምናው በተለመደው ሥርዐት 6 ወር የሚፈጀው፣ ከአንዱ ያመለጠው ጀርም በሌላው እንዲያዝ ነው።

በሽተኛው ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ሳሉ ይተወዋል፤ ሰውነቱም ይመለሳል። ከመድኃኒቶቹም አንዱ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካን ያስመስላል። ይህን አይቶ የደነገጠ፣ ወይም «እኔስ ድኛለሁ» ያለ ሰው ሕክምናውን ቢያቋርጥ፣ በሽታው ሲመለስበት የቀድሞው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። ከዚህም የባሰው፣ ያንን የለመደ ጀርም በአንድ ክፍል አብረውት ለሚያድሩት ለሚስቱና ለልጆቹ በትንፋሹ ማካፈሉ ነው። የገዛ ራሱን ኪኒን የተወ ሰው የሌላውን ሰው መድኃኒት አበላሸ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንደርስበት ምክር ጥቂት ነው። የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ፣ ቢሻላችሁም፣ ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ጨርሱ። ቆዳን የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ከሳጥን የተገኘ ትራፊ መድኃኒት ለጎረቤት ማካፈል፣ ቡናን እንደ ማካፈል ያለ ደግነት አይደለም። የራስ ምታትና የጉንፋን ኪኒኖች ስማቸው ቢለያይም በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ባንድነት መዋጥ ልኩን እጥፍ ያደርገዋል፤ ጤነኛ አዋቂም ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ይህም ባለ 500 ሚሊግራሙ ኪኒን 8 ፍሬ ነው። ካለፈ ጉበትን ያጠፋል።

መምህራን ሆይ፣ ከላይ ያሳየነውን የ800ና የ400 ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ተማሪዎቻችሁ እንዲቀጥሉት ብታደርጉ፣ ሒሳብንም ጤናንም ባንድነት ታስተምራላችሁ። በብዙ ቤት የመድኃኒቱን ጽሑፍ ለእናትና ለአባት የሚያነብላቸው ተማሪው ልጅ ነውና፤ እርሱ በየ8 ሰዓቱ ማለት ምን እንደ ሆነ ያወቀ እንደ ሆነ፣ በቤቱ ያለው በሽተኛ ልክና ሰዓቱን የሚጠብቅለት ሰው አገኘ ማለት ነው።