ከዘፍጥረት እስከ ራእይ፣ ለሁለት

መስከረም ሲጠባ በጌታ ፊት ከምንገባቸው ቃሎች አንዱ «ዘንድሮስ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ» የሚለው ነው። በጸሎት ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ቃል የገባን አለን። በሽፋኑ ውስጥ «መስከረም 1 ጀመርኩ» ብለን ቀኑን የጻፍን አለን። የጨረስንበትን ቀን የጻፍን ግን ጥቂቶች ነን። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አንሡና የገጾቹን ጠርዝ ተመልከቱ። በብዙዎቻችን ዘንድ ዘፍጥረትና ዘጸአት በጣት ብዛት ጠቁረዋል፤ ከዘሌዋውያን ወዲያ ያለው ግን እንደ ተገዛበት ቀን ነጭ ነው።

ለምን እዚያ ላይ እንደምንቆም ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። 66ቱ መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፎች አሏቸው፤ 929ኙ የብሉይ፣ 260ው የአዲስ ኪዳን ናቸው። በቀን አራት አራት ምዕራፍ እያነበበ ከመስከረም 1 የተነሣ ሰው መስከረም 17 ቀን ሙሴና ማርያም ባሕሩን ተሻግረው የዘመሩበትን ምዕራፍ ያገኛል። እስከዚህ ጉዞው ደስ ይላል። መስከረም 23 ግን ዘሌዋውያን ይጀምራል፤ የመሥዋዕቱ ሥርዓት፣ የለምጹ ምርመራ ይከተላል። ኅዳር መጨረሻ ላይ የአንደኛ ዜና መዋዕል የትውልድ ዝርዝር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እዚህ በእኛ በሐብሩ ቆላ ሰው ሁሉ ማሽላ አጨዳ ላይ ነው፤ ማታ የደከመ ገበሬ በስም ዝርዝር ላይ ቢያንቀላፋ ማን ይፈርድበታል? በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ማቴዎስ ወንጌል ላይ የሚደርሰው ሚያዝያ 23 ነው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ወንጌልን ሳይገልጡ መቆየት ለአማኝ ነፍስ ረጅም ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሒሳቡ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ ወልድያ በሚገኘው ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ለጥፈን ጀመርን። የእኔ ምልክት በቀይ፣ የእሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። ጥር ላይ እኔ በአርባ ምዕራፍ ቀደምኩ። «የት ደረስሽ?» ማለትን ለመድሁ፤ ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ «የት ደረስሽ?» እላታለሁ። አንድ ቀን ወንድሟ ከመርሳ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ፣ ለጨዋታ ብዬ፣ ወደ ሰንጠረዡ በጣቴ አሳየሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ እንጀራውን አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰማያዊው ምልክት ባለበት ቆመ።

እኔ ሐምሌ ላይ ጨረስኩ። ምስክርነትም ሰጠሁ፤ ቅዱሳን «አሜን» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሕዝቅኤልን ስታነብ ጌታ ምን አለህ?» ሕዝቅኤል 48 ምዕራፍ ነው፤ በአሥራ ሁለት ቀን ነው የጨረስኩት። ከሸለቆው አጥንቶች በቀር ልነግራት የምችለው አንድም ነገር አጣሁ፤ እሱንም ቢሆን የማውቀው ከስብከት ነው። እሷ ለካ ንባቡን አላቆመችም ነበር። ያቆመችው ምልክት ማድረጉን ነው። ቤቱ ፀጥ ሲል አንዳንዴ በቀን ግማሽ ምዕራፍ እያነበበች ኢሳይያስ ላይ ደርሳለች። በ2013 መስከረም ሰንጠረዡን ማናችንም አላነሣነውም።

በዓለም ዙሪያ ብዙ ክርስቲያኖች የሚጠቀሙበትን የአንድ ዓመት ንባብ ያዘጋጀው ስኮትላንዳዊው መጋቢ ሮበርት መሪ ማክቼይን ነው። በዳንዲ ከተማ ያገለግል ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1842 ለምእመናኑ ያወጣው ይህ ዕቅድ ብሉይ ኪዳንን አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ ያስነብባል። ከዚህ ዕቅድ ውስጥ ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። ከዕለቱ አራት ክፍሎች ሁለቱ በግል፣ ሁለቱ ደግሞ በቤተሰብ አንድ ላይ የሚነበቡ ናቸው። (ማክቼይን ራሱ ሳያገባ በ29 ዓመቱ፣ ዕቅዱን ባወጣ በዓመቱ ነው ያረፈው፤ ለባለትዳሮች ግን አስቧል።) በመግቢያው ላይም ዕቅዱ ሊያመጣ የሚችለውን አደጋ ደብቆ አላለፈም፦ ንባቡ ልማድ ብቻ ሆኖ መቅረቱን፣ ራስን ማጽደቁን፣ በግዴለሽነት ማለፉን፣ ቀንበሩ ለአንዳንዱ መክበዱን ዘርዝሮ አስጠንቅቋል። ይህን ሳነብ ከአራቱ ሁለቱ በእኔ ቤት፣ ግድግዳው ላይ፣ በቀይ ቀለም ተጽፈው እንደ ነበር ገባኝ።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ የራሳችን ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተገኘው ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ባነበቡት ንባብ ነው። አቡ ሩሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስላን ደ ሸርቪል ጋር በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቀመጥ ነበር። በእነዚያ ቀናት የቆንስሉ በር ለእንግዳ ሁሉ ዝግ ነው። የዐረብኛውን ቅጂ ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየተረዱ ያነቡና አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ሥራው አሥር ዓመት ያህል ወሰደ፤ ጽሑፉም ከ9,000 ገጽ በላይ ሆነ። ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 (ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ታተመ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በር ዘግቶ፣ አሥር ዓመት! እኔ በአሥራ ሁለት ቀን ሕዝቅኤልን «ጨረስኩ» ያልኩት ሰውዬ ይህን ባወቅሁ ጊዜ አፈርኩ።

እንግዲህ ለባለትዳሮች የምመክረው ይህን ነው፤ ሞክረነዋልና። ከብሉይ ኪዳን በቀን ሦስት ምዕራፍ እያንዳንዳችሁ በየጥሞና ጊዜያችሁ አንብቡ። ማታ ደግሞ ከአዲስ ኪዳን አንድ ምዕራፍ ብቻ አንድ ላይ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ እየተፈራረቃችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችል ወይም ዐይኑ የደከመ ካለ ሌላው ያንብብለት፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ድምፅ አውጥቶ ባያነብ ኖሮ ፊልጶስ ባልሰማው ነበር፤ የሚያስረዳውም ሰው አጠገቡ ባይቀመጥ ኢሳይያስ ተዘግቶበት ይቀር ነበር (ሐዋ. 8፡30-35)። በዚህ አካሄድ አዲስ ኪዳን ግንቦት 20፣ ብሉዩ ደግሞ ሐምሌ 10 ያልቃል፤ ጳጉሜን ጨምሮ 55 ቀን ይተርፋችኋል። ይህ ትርፍ ለለቅሶ፣ ለወሊድ፣ ለሕመም፣ ለአጨዳ ነው። አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁ በአንድ ሌሊት ሃያ ምዕራፍ አንብባችሁ ዕዳ እንደምትከፍሉ አትሁኑ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። የየግል ንባባችሁን ደግሞ አትቆጣጠሩ። «የት ደረስሽ?» ወይም «የት ደረስህ?» የሚለውን ጥያቄ ከቤታችሁ አውጡት፤ በምትኩ «ምን አገኘሽ?» «ምን አገኘህ?» በሉ፤ «ዛሬ ምንም» የሚለውንም መልስ ተቀበሉት።

እኛ ይህን የጀመርነው በከፋ ዓመት ነው። መስከረም 1 ቀን 2014 ወልድያ በጦርነት ውስጥ ነበረች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። የምናነድደው ጋዝ ጥቂት ስለ ነበር ማታ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ማንበብ አንችልም፤ ሦስቱን ምዕራፍ በቀን ብርሃን በየተራ እናነባለን። አንድ ፋኖስ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዙሪያው ሁለታችንና ልጆቹ። ተኩስ ሲበረታ ፋኖሱን አጥፍተን በጨለማ ጸልየን የተኛንባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ያነበብነውን የምትተርክልን ባለቤቴ ነበረች፤ ትንሿ ልጃችን ድምፅ ስትሰማ ስለምትደነግጥ ማዕበሉን ጸጥ ያደረገበትን ታሪክ ደጋግማ ታስነግራት ነበር፤ እኔም አብሬ አደምጥ ነበር።

በታኅሣሥ ከተማዋ ነጻ ስትሆን፣ በሒሳቡ ሐዋርያት ሥራ 10 ላይ መድረስ ነበረብን። እኛ ግን ገና ሉቃስ 24 ላይ ነበርን፤ 31 ምሽት ወደ ኋላ ቀርተናል። ሁለቱ ሰዎች ወደ ኤማሁስ የሚሄዱበትን ያን ምዕራፍ ተራው የእኔ ስለ ነበር እኔ አነበብኩት። ስጨርስ ባለቤቴ «ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት። በነጋታውም ወደ ዮሐንስ አላለፍንም።

ከዚያ በኋላም ያመለጡን ምሽቶች አሉ። ራእይ 22ን ያነበብነው በሐምሌ 2014 ነው። ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ተቀብላኝ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፈች፤ ከሥሩም የሁላችንን ስም፣ ማንበብ ገና የማትችለውን የትንሿን ጭምር።