የእብድ ውሻ በሽታና የሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካል ሕክምና፤ ከውጫሌ እስከ ደሴ ባለው የሕክምና ሰንሰለት

መግቢያ

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ፈውስ ያልተገኘለት የቫይረስ በሽታ ነው። በዓለም ደረጃ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። አብዛኞቹ ሟቾች የእስያና የአፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ከተጠቂዎቹ መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ይህ ሞት ግን በወቅቱ በሚሰጥ የተሟላ ሕክምና ሊቀር የሚችል ነው።

የተሟላ ሕክምና ሲባል ሦስት ነገሮችን ያጠቃልላል። እነርሱም ቁስሉን ማጠብ፣ ክትባት መስጠትና ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፀረ እንግዳ አካል በቁስሉ ውስጥ መውጋት ናቸው። በገጠር ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ሦስተኛው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሞኖክሎናል የተባለው አዲሱ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚያስፈልግና በሆስፒታሎች ሰንሰለት እንዴት ሊዳረስ እንደሚችል ማብራራት ነው።

ክትባቱ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ቫይረሱ ከእንስሳው ምራቅ ጋር ወደ ቁስሉ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በራስ፣ በፊት፣ በአንገትና በእጅ ላይ የደረሰ ጥልቅ ንክሻ ግን ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል። ክትባት ሰውነት የራሱን ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት የሚያደርግ በመሆኑ ውጤቱ ለመታየት ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጅበታል። በዚህ ክፍት ጊዜ ቫይረሱን እዚያው በቁስሉ ውስጥ የሚያከሽፈው ተዘጋጅቶ የሚሰጠው ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ይህ መድኃኒት ለረጅም ዘመን ሲዘጋጅ የቆየው ከተከተቡ ሰዎች ወይም ከተከተቡ ፈረሶች ደም ነው። ከሰው የሚገኘው ውድና እጥረት ያለበት ሲሆን፣ ከፈረስ የሚገኘው ደግሞ ዋጋው ዝቅ ቢልም አልፎ አልፎ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

ሞኖክሎናል ማለት ምን ማለት ነው?

ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ከአንድ ሕዋስ የተራባ ዘር አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ የሚመረትበትን ዘዴ አስተዋወቁ፤ በ1984ም በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በዚህ ዘዴ የሚሠራ መድኃኒት ከደም ስለማይወሰድ በፈለጉት መጠንና በተመሳሳይ ጥራት በፋብሪካ ሊመረት ይችላል። ለእብድ ውሻ በሽታ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ሞኖክሎናል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንድ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላትን ያጣመረ ሌላ መድኃኒትም በ2019 ተከተለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 አጠቃቀሙን ያበረታታ ሲሆን፣ በ2021 ደግሞ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል።

አንባቢ በኮቪድ ወቅት የተፈቀዱ ሞኖክሎናል መድኃኒቶች ቫይረሱ ሲለዋወጥ ኃይላቸውን ማጣታቸውን በማስታወስ ሊጠራጠር ይችላል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የእብድ ውሻ ቫይረስም ከቦታ ቦታ የተለያየ ዝርያ አለው። በመሆኑም በቫይረሱ ላይ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን የሚይዝ ጥምር መድኃኒት ይመረጣል። መድኃኒቱ በአገራችን በሚዘዋወሩት ዝርያዎች ላይ መሥራቱም አስቀድሞ መረጋገጥ፣ የታካሚዎች ውጤትም በመዝገብ መከታተል ይኖርበታል።

ለማን ይሰጣል?

እንስሳውን መንካት ወይም ያልቆሰለ ቆዳን መላሱ ሕክምና አያስፈልገውም። ደም ያልወጣበት ጭረት ክትባት ብቻ ይበቃዋል። ቆዳን የበሳ ንክሻ፣ የተላሰ ቁስል፣ እንዲሁም ዓይን ወይም አፍ ውስጥ የገባ ምራቅ ግን ከክትባቱ ጋር ፀረ እንግዳ አካልን ይጠይቃል። ቀደም ሲል ሙሉ ክትባት የወሰደ ሰው ፀረ እንግዳ አካል አያስፈልገውም።

በሰንሰለቱ ውስጥ የት ይቀመጥ?

በአምባሰል ተራራማ ቀበሌዎች የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ውጫሌ ነው። ከዚያ በኋላ በወልድያ–ደሴ አውራ ጎዳና ወደ ሐይቅ፣ ቀጥሎም ወደ ደሴ ይላካል። ውድ የሆነውን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሳይቋረጥ መቀመጥ ያለበትን መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ማከማቸት አስቸጋሪ ነው፤ ደግነቱ ግድ አይደለም። ፀረ እንግዳ አካሉ ቢቻል በመጀመሪያው ቀን መሰጠት ቢኖርበትም፣ የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ በቅርብ በሚገኘው ጤና ተቋም ወዲያውኑ ተጀምሮ ታካሚው መድኃኒቱ ወደሚገኝበት ሆስፒታል መላክ ይችላል። ሪፈራልን በመጠበቅ ክትባትን ማዘግየት ግን ከባድ ስህተት ነው። በመላኪያ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ክትባት ቀን፣ የቁስሉ ዓይነትና የታካሚው ክብደት በግልጽ ሊጻፉ ይገባል፤ መድኃኒቱ መኖሩንም አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ታካሚውን ከከንቱ ጉዞ ያድነዋል።

የመጠን ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ለአንድ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከሰው ደም የተዘጋጀው 600፣ ከፈረስ የተዘጋጀው 1,200 ዓለም አቀፍ ዩኒት ያስፈልጋል። ከሞኖክሎናሎቹ አንደኛው በኪሎ 3.33 ዩኒት ስለሚሰጥ 100 ዩኒት ይበቃዋል፤ ጥምር የሆነው ግን በኪሎ 40 ዩኒት ነው። የአንዱን ስሌት ለሌላው መጠቀም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መድኃኒቱ በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ቁስሎቹ ብዙ ከሆኑ በንጹሕ የጨው ውኃ ይቀጠናል። የተረፈውም ንጽሕናው ተጠብቆ ለሌላ ታካሚ ሊውል ይችላል። ስፌት የግድ ካስፈለገ ከዚህ በኋላ ይሁን።

ሕዝቡ ሊያውቀው የሚገባ

በአገራችን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ከበግ አንጎል የተሠራ ክትባት ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበር ብዙዎች ሕክምናውን ይፈሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1984 እንዲቀር የመከረው ይህ ዓይነት ክትባት ነው። የዛሬው ክትባት ከሦስት እስከ አራት ጊዜ በመመላለስ በክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ወደ ጠበልም ሆነ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ክትባቱን እንዲጀምር በሃይማኖት አባቶችና በባህል ሐኪሞች በኩል ማስተማር ያስፈልጋል። ከተነከሰ ሳምንታት ያለፉት ሰውም ምልክት እስካልታየበት ድረስ ሙሉ ሕክምናውን ማግኘት አለበት እንጂ «ዘግይተሃል» ተብሎ ሊመለስ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ ይገባል። ይህ ሪፈራልም ሆነ ማቀዝቀዣ የማይጠይቅ፣ በየቤቱ ሊሠራ የሚችል የሕክምናው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። በሽታውን ከምንጩ የሚያደርቀው ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 70 የሚሆኑ ውሾችን በየጊዜው መከተብ ነው። በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በዓለም ደረጃ የተያዘው ግብ የሚሳካው ሳሙናው፣ ክትባቱና ፀረ እንግዳ አካሉ እያንዳንዳቸው በተገቢው ቦታና ቀን ሲገኙ ነው።