የደን ዘር በአፈር ውስጥ አይከርምም

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ከሚኖሩ ገበሬዎች ዘወትር የምንሰማው አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ደን ቢመነጠርም መሬቱ ከተከለለ ተመልሶ ይበቅላል የሚል ነው። አስተሳሰቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ሌላውም ዛፍ እንዲሁ ይመስላል። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የሚተካው በዘር ብቻ ነው።

ታዲያ ዘሩ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1995 ዶክተር ደመል ተከታይ ከአንድ ስዊድናዊ ተመራማሪ ጋር ባወጡት ጥናት በደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ያለው ዘር ተመርምሯል። በብዛት የተገኘው የሣርና የአረም ዘር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዛፎች በአፈር ውስጥ የሚቆይ ዘር እንደሌላቸው ታውቋል። የጥቁር እንጨት ዘር ለምሳሌ መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይሞታል። እንደ ጤፍ ዘር ለዓመታት ተቀምጦ አይጠብቅም። ስለዚህ በአካባቢው እናት ዛፍ ካልቀረ መሬቱን መከለል ብቻውን ደኑን አይመልሰውም። የመናገሻ ደንም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል።

እናት ዛፍ ቢኖርም ዘሩን የሚያጓጉዝ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት የዱር እንስሳት ናቸው። የጥድንና የወይራን ፍሬ ወፎች ይበሉና ዘሩን ራቅ ብለው ይጥሉታል። ጦጣም ከማሳ ብትባረርም በጫካ ውስጥ ከዘሪዎቹ አንዷ ናት። በዝባዷ ብቻ የምትታወቀው ጥርኝ ደግሞ የበላችውን ፍሬ ዘር በተወሰነ ቦታ ላይ ከኩሷ ጋር አከማችታ ትተወዋለች፤ ያለ ደመወዝ የምትሠራ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ብንላት አልተሳሳትንም። እነዚህ እንስሳት ከአካባቢው ሲጠፉ ዘሩ ከእናት ዛፉ ጥላ ሥር ወድቆ ይቀራል።

ወፍ የምታርፈው በገላጣ መሬት ላይ ሳይሆን በቁጥቋጦ ላይ ነው። በትግራይ በተካሄዱ ጥናቶች የወይራ ቡቃያ ከገላጣው ይልቅ በደደሆ ቁጥቋጦ ሥር በተሻለ ሁኔታ መጽደቁ ታይቷል። ቁጥቋጦው ቡቃያውን ከፀሐይና ከፍየል አፍ ይከልለዋል። ስለሆነም መሬት ሲከለል ደደሆውንና አጋሙን «ለማጽዳት» ሲባል መመንጠር ትልቅ ጉዳት ነው።

በከለላው ውስጥ ከብት ማስገባት አይገባም፤ ሣሩን ግን ቡቃያውን እየለዩ አጭዶ ለከብቱ መውሰድ ይቻላል። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የአካባቢው ሕዝብ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ካብ አድርጎ አጥሯል። በዚህም ማሳው ከድንጋይ ሲጸዳ፣ በአጥሩ ውስጥ ያለው ቡቃያ ከከብት እግር ድኗል። ድንጋይ በበዛበት ቀበሌ ሁሉ ይህን ዘዴ እንመክራለን።

በአካባቢው የቀሩት ጥቂት ጥድ፣ ዝግባ ወይም ጥቁር እንጨት ብቻ ከሆኑ፣ የልማት ሠራተኛውና ገበሬው እያንዳንዱን ዛፍ ቆጥረው ምልክት ያድርጉበት፤ ለግንድም ለከሰልም እንዳይቆረጥ በቀበሌው ስብሰባ ያስወስኑ። የጥቁር እንጨት ፍሬ ሲበስል ተለቅሞና ሥጋው ታጥቦ፣ ሳይደርቅ በዚያው ሰሞን በችግኝ መደብ ላይ መዘራት አለበት።