የሦስት ወር ሥራ በአንድ ቀን ሲከፈል

ለንደን ውስጥ በአስተርጓሚነት የምሠራው ሳልቀጠር ነው። ኤጀንሲ ይደውልልኛል፤ ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ነርሷ ወይም ጸሐፊው ፎርሜ ላይ ይፈርማሉ፤ ፎርሙን ከኢንቮይስ ጋር እልካለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አንዳንዱ በወሩ ይከፍላል። አንድ ኤጀንሲ ግን የሦስት ወር ሥራዬን አጠራቅሞ በአንድ ቀን ባንክ አስገባልኝ፤ በዚያ ወር የቤት ኪራይ ድጋፌ ተቋረጠ።

በታክሲ፣ በምግብ ማድረስ፣ በጽዳት፣ በሹሩባ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችንም ይህ ይደርስባቸዋል። ብዙዎቹ ግን ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ለኑሮ፣ ለልጅና ለኪራይ የሚሰጥ ድጎማ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የተጀመረው በ2013 ነው። እሱ ቀስ በቀስ የተካው የቀድሞው ታክስ ክሬዲት፣ በኤፕሪል 2025 ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ፣ የሰውን ገቢ የሚያየው በዓመት ነበር። ይኸኛው ግን በወር ያሰላል። ሥራው መቼ እንደተሠራ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ገንዘቡ መቼ እንደገባ ነው።

ልጅ የሚያሳድግና የኪራይ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው በ2025/26 በየወሩ የመጀመሪያው 411 ፓውንድ ገቢው አይነካበትም ነበር። ከዚያ በላይ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 55 ፔንስ ከድጎማው ይቀነሳል። በዚህ ቅር አይለኝም፤ ሰው ገቢው ሲያድግ ድጎማው ቢቀንስ ተገቢ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላው ሕግ ነው።

ሹሩባ የምትሠራ አንዲት እህት ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ «እህቴ፣ በዚህ ወር ሰው አልመጣልኝም፤ ታዲያ ምን አገኘች ብለው ነው የሚቀንሱብኝ?» አለችኝ። ደብተሩ ላይ የሱቁ ወንበር ኪራይ እንጂ ገቢ የሚባል አልነበረም። ለጥያቄዋ መልሱ ሚኒመም ኢንካም ፍሎር (ዝቅተኛ የገቢ ወለል) የሚባለው ደንብ ነው። የግል ሥራው ዋና መተዳደሪያው ነው የተባለ ሰው፣ የ12 ወር የመጀመሪያ ፋታው ካለፈ በኋላ፣ ባያገኝም እንዳገኘ ይቆጠርበታል። መለኪያው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 35 ሰዓት በዝቅተኛው ደመወዝ ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በነበረው 12.21 ፓውንድ ሲሰላ፣ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ ሳይነሳ፣ በወር ወደ 1,850 ፓውንድ ይመጣል። ትንሽ ልጅ ላለው ሰዓቱ ዝቅ ይላል።

በቁጥር እንየው። ሁለት እናቶች እንውሰድ፤ የእያንዳንዷ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፤ ምንም ገቢ ባይኖራቸው ሁለቱም በወር 1,700 ፓውንድ ድጎማ ያገኙ ነበር። ግብሩ ከተነሳ በኋላ ወለሉን 1,600 እንበለው። አንደኛዋ በየወሩ 1,600 ታገኛለች፤ ሁለተኛዋ ሁለት ወር ባዶ እጇን ቆይታ በሦስተኛው 4,800 ይገባላታል። የሁለቱም የሦስት ወር ገቢ አንድ ነው። አንደኛዋ በየወሩ 1,046፣ በሦስት ወር 3,138 ፓውንድ ድጎማ ይደርሳታል። ሁለተኛዋ በሁለቱ ባዶ ወሮች 1,600 እንዳገኘች ተቆጥሮ 1,046፣ 1,046 ይሰጣታል፤ በሦስተኛው ወር ግን ምንም። የአንድ ወር ድጎማ አጣች፤ ጥፋቷ ደግሞ ዘግይቶ የተከፈላት መሆኑ ብቻ ነው።

እኔ ፍርደ ገምድል የምለው ይህንን ነው። ወሩ ባዶ ሲሆን መንግሥት ግምት ይጠቀማል፤ ወሩ ሲሞላ እውነተኛውን ቁጥር ይወስዳል። በሁለቱም ጊዜ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው። ደንቡን ማንሳት እንደሚቻል ደግሞ በኮቪድ ጊዜ ታይቷል፤ ከማርች 2020 እስከ ጁላይ 2021 ታግዶ ነበር። እኔ ጨርሶ ይነሳ አልልም፤ የዓመቱን አማካይ ይዘው ያስሉት ነው የምለው።

እስከዚያው የሚረዱ ነገሮች አሉ። ኢንቮይስ ሳታጠራቅሙ ሥራው እንዳለቀ ላኩ። ገቢና ወጪ የሚመዘገበው የስሌት ወሩ ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካለቀ እስከ 14 ቀን ድረስ ነው፤ ካሳለፋችሁት ክፍያው ይዘገያል። በመኪና ለሥራ የተነዳ ማይል እስከ 833 ድረስ በ45 ፔንስ ስለሚታሰብ መዝግቡት። በዚያው ወር የከፈላችሁት የገቢ ግብርና ያስገባችሁት የጡረታ መዋጮ ከገቢያችሁ ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ እኔ ግብሬን ገንዘብ በገባበት ወር እከፍላለሁ። ድጎማው ዜሮ ሆኖ የተዘጋበት ሰውም በስድስት ወር ውስጥ ከተመለሰ በቀድሞው የስሌት ቀኑ ይቀጥላል። ነገር ግን ማመልከቻውን ራሱ ማስገባት አለበት፤ ዝም ብሎ ከጠበቀ ማንም አይከፍትለትም።