በዓይን የማይታይ ሕመም ያለበት መንገደኛ በአውሮፕላን ጣቢያ



ከሁለት ዓመት በፊት እናታችንን ይዘን ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ በአንድ አውሮፕላን ጣቢያ ያጋጠመንን እናውጋችሁ። እናታችን በእግራቸው ደህና ይሄዳሉ፤ ለሚያያቸው ሰው ጤነኛ ናቸው። ነገር ግን የመርሳት በሽታ ጀምሯቸዋል። ጠያቂው ወጣት «ሻንጣውን ማን ሸከፈው?» ሲላቸው መጀመሪያ «ልጄ» አሉ፤ ቀጥለው «ራሴ ነኝ» አሉ፤ በመጨረሻም ዝም አሉ። ወጣቱ ጠረጠረ። ለብቻቸው ወስደው ሲያቆዩዋቸው እኛ ከመስመሩ ወዲህ ቆመን ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልንም። ሲመለሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሆኖም ጥፋቱን በወጣቱ ላይ ብቻ አንጥልም፤ እኛም ሰው ምን ይለናል ብለን ደብቀን ነበርና።

ምርኩዝ የያዘን ሰው ሁሉም ያሳልፈዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በጩኸቱና በመብራቱ ተጨንቆ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ባለጌ ይባላል። ጆሮአቸው የደከመ ሽማግሌ ሲጠሩ ካልዞሩ እንደ እምቢተኛ ይታያሉ።

ይህን በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን አጠገብ ያለው የጋትዊክ አውሮፕላን ጣቢያ ቢጫ የሱፍ አበባ የተሳለበት አረንጓዴ የአንገት ማንገቻ ማደል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ማንገቻው ለሠራተኛው «ይህ ሰው ጊዜና ትዕግሥት ያስፈልገዋል» ብሎ ይነግራል እንጂ ከፍተሻ ነፃ አያወጣም፤ ሰልፍ ለመዝለልም ፈቃድ አይደለም።

ብዙዎቻችን ቋንቋ ለማያውቁ ወላጆቻችን ባለ ጎማ ወንበር እናዝዛለን። የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ግን ወንበሩ ብቻውን አይበጅም፤ የማያውቁት ሰው ከቤተሰቡ ለይቶ ሲገፋቸው ይብሱን ይደናገጣሉ። ስለዚህ ቲኬት ስትገዙ ችግሩን በግልጽ ተናገሩ፤ አብሮ የሚሄድ የቤተሰብ ሰው እንዳይለይ ጠይቁ። በአውሮፓ ሕግ መሠረት ከጉዞው 48 ሰዓት በፊት ያስታወቀ መንገደኛ እርዳታውን ያለ ክፍያ ያገኛል።

በእስራኤልም የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግ በ1998 ወጥቷል። ከቢቱዋሕ ለኡሚ የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች፣ ኦቲዝም ያለባቸው ጭምር፣ ወረፋ መጠበቅ እንደማይገባቸው በካርዱ ላይ ይጻፍላቸዋል። ስለዚህ ጉዳይ የማኅበራዊ ሠራተኛችሁን ጠይቁ።

ከኩፓት ሆሊም ሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ። መድኃኒት ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳ ይሁን። በተለይ ኢንሱሊን በሻንጣ ክፍል ውስጥ ቢበርድ ሊበላሽ ይችላል።

ባለፈው ጉዞአችን አስቀድመን ተናገርን፤ ደብዳቤውንም አሳየን። ጠያቂዋ እናታችን አጠገብ እንድንቆም ፈቀደችልን። «ሻንጣውን ማን ሸከፈው?» ስትላቸው እናታችን ወደ እኛ ዞረው ሳቁ። እኛም መለስንላቸው።