እውነት ወይስ ተረት? የጫንጮ የምሽት መንገድ ዳር ምግብ

ከአዲስ አበባ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ፣ ሱሉልታን አልፎ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም የሚያመራ ተጓዥ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጫንጮን ያገኛል። እንደ ሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን ሁሉ እዚህም ሲመሻሽ ከሰል ይቀጣጠላል። በቆሎ ይጠበሳል፣ ሳምቡሳና ፓስቲ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ቅቅል ድንችና እንቁላል በዳጣ ይቀርባል። አካባቢው የወተት አገር ስለሆነ ወተትና እርጎም አይጠፋም። ስለዚህ ምግብ ከሚወራው ውስጥ የሻጮቹን ገበያ ያለ ጥፋታቸው የሚዘጋ አለ። ገዢውን አዘናግቶ አልጋ ላይ የሚጥልም አለ።

«የመንገድ ዳር ምግብ ቆሻሻ ነው፤ ሆቴል ገብቶ መብላት ይሻላል።»

ተረት ነው። ጀርም ግድግዳና ጣሪያ አይቶ አይመርጥም፤ የሚወስኑት ሙቀትና ጊዜ ናቸው። ባክቴሪያ በምግብ ላይ በፍጥነት የሚራባው ሙቀቱ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል፣ የበሰለውም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ የሚለው ለዚህ ነው። በዚህ ሚዛን፣ ዐይናችን እያየ ከፍም ላይ ተነስቶ እጃችን የሚገባ የበቆሎ እሸት፣ ጠዋት ተሠርቶ ጓዳ ውሎ ማታ ለብ ተደርጎ ከሚቀርብ የሆቴል ወጥ የተሻለ ዋስትና አለው። ሻጯ በተመሳሳይ እጅ ብርና ምግብ እየነካካች እንደሆነ፣ ውሃና ሳሙና አጠገቧ እንዳለ ማየት ግን ተገቢ ነው። መመዘን ያለበት እሱ እንጂ ወንበርና ጠረጴዛው አይደለም።

በመንገድ ዳር ምግቧ ስሟ የገነነው ታይላንድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በባንኮክ የማታ ገበያዎች ሩዙና ኑድሉ ደንበኛው ቆሞ እያየ በኃይለኛ እሳት፣ በጎድጓዳ የብረት ምጣድ ይጠበስና ወዲያው ይበላል። ጄይ ፋይ በሚባል ስም የሚታወቁት የባንኮክ አዛውንት ምግብ አብሳይ በከሰል እሳት ለሚያዘጋጁት የባሕር ምግብ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የሚሼሊን ኮከብ ተሸልመዋል። ይህ ኮከብ የዓለም ታላላቅ ምግብ ቤቶች የሚጓጉለት ነው።

«እሳት የነካው ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው።»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው፣ አደገኛውም ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። እሳት ሕያው ባክቴሪያን ይገድላል። ስታፊሎኮከስ የተባለው፣ ከሰው አፍንጫና ከቆሰለ ጣት ወደ ምግብ የሚተላለፈው ባክቴሪያ ግን ምግቡ ላይ ተራብቶ መርዝ ካመነጨ በኋላ፣ ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ መፍላትን ይቋቋማል። በሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴረስም እንዲሁ ነው፤ ዘሩ ከመቀቀል ይተርፋል፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ሲውል ይነቃና የሚያስታውክ መርዝ ያመርታል። ስለዚህ ማሞቅ የሚጠቅመው ብዙ ላልቆየ ምግብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለብ ብሎ የዋለ ሳምቡሳ እንደገና ዘይት ውስጥ ቢገባ ይሞቃል እንጂ አይታደስም። የመጥበሻው ዘይትም ቢሆን ጠቁሮና ወፍሮ አረፋ ከያዘ፣ ገና ሳይግል የሚጨስ ከሆነ ዕድሜው አልቋልና እዚያ የተጠበሰውን መተው ነው።

«ሚጥሚጣና አረቄ ካለ ጥሬ ሥጋ አይጎዳም።»

እሳት ስላልነካው ሥጋ ደግሞ ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የሚወደዱና የሚከበሩ አባቶች ስለሆኑ መቃወም ይከብዳል፤ ግን ተረት ነው። የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው የከብቱ ጡንቻ ውስጥ፣ በራሱ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። ሚጥሚጣው የሚነካው የሥጋውን ላይ ብቻ ነው። አረቄውም ሆድ ሲገባ ከምግብና ከፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ይቀጥናል፤ እጩን የሚገድል ኃይል አይተርፈውም። ለዚህ ከአባቶቻችን ኑሮ የተሻለ ማስረጃ የለም። በርበሬውም አረቄውም ሞልቶ ሳለ በየጊዜው መራራውን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ትሉ ስላልሞተላቸው ነው። እጩን የሚገድለው ሥጋውን እስከ ውስጡ ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ማቆየት ነው።

   

«ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ጀርሙ አይሞትም።»

ቶሎ መፍላቱ እውነት ነው። ጫንጮ ባለበት በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ንፍሮና ድንች ረጅም ጊዜ የሚፈልገው፣ እንቁላልም በቆላ ከለመድነው ደቂቃ በላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። ነገር ግን በውሃ የሚተላለፉ በሽታ አምጪ ጀርሞች ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይሞታሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ የሚሰጠው ምክር ውሃውን ለ3 ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ይበቃል።

«የገጠር ወተት ንጹሕ ነው፤ ጥሬውን መጠጣት ጤና ነው።»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ በተለይ ልጆችን ስለሚነካ። የላሟ ንጽሕናም ሆነ የአላቢዋ ጥንቃቄ ጥሬ ወተትን ዋስትና አይሰጠውም። ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ጤነኛ ከምትመስል ላም ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ከብቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም የከብት ነቀርሳ በስፋት እንዳለ አሳይተዋል። «እርጎ ከሆነ ጀርሙ ይሞታል» የሚባለውም አይታመንም፤ ወተቱ ሳይፈላ ከረጋ ጎምዛዛነቱ ብቻ አያጠፋቸውም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ሲሞቅ እነዚህ ጀርሞች ይሞታሉ፤ ቤት ውስጥ አንዴ ገንፍሎ ከተነሣ ከዚያ በላይ ሞቋል ማለት ነው። «ማፍላት ጥቅሙን ያጠፋዋል» የሚሉም አሉ። ጥቂት ቪታሚን ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን እዚያው ነው።

እንግዲህ በጫንጮ በኩል የምታልፉ፣ ከመንገድ ዳር ምግብ አትሸሹ። «እህቴ፣ አሁን ከእሳት የሚወጣውን ስጪኝ» በሉ፤ ትጠብቃላችሁ እንጂ አትጎዱም። ወተቱን ግዙ፣ ቤት ወስዳችሁ አፍሉት። ለከተማው አስተዳዳሪዎች ደግሞ የሲንጋፖር ታሪክ ይጠቅማል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮቿን የቧንቧ ውሃና የቆሻሻ ማስወገጃ ባለባቸው ማዕከላት አሰባሰበች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ያ ባህል በዩኔስኮ ተመዘገበ። ሻጮቻችንን ከማባረር በፊት፣ ሲመሻሽ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቦታ አንድ የውሃ ቧንቧ አስገቡላቸው።