የሜልቦርን ስልክ፣ የአዲስ አበባ ክብር፤ አይፎን፣ ሳምሰንግ ወይስ ቴክኖ?

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣው ከመሙላቱ በፊት የስልክ ዝርዝሩ ይሞላል። ለታናሽ ወንድም አይፎን፣ ለአክስት ልጅ ሳምሰንግ፣ ለጎረቤት ልጅ ደግሞ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። በሜልቦርን ከተማ መሃል፣ በበርክና በኤልዛቤት ጎዳናዎች ባሉት የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች፣ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ሁለትና ሦስት ስልክ አንድ ላይ ይዞ ወደ መክፈያው የሚጠጋ ሐበሻ ማየት የተለመደ ነው። እሱ ራሱ በኪሱ የያዘው ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዘወትር የአገራችንን ፖለቲካ የምናነሳ ሰዎች ዛሬ ስለ ስልክ ልንጽፍ ስንነሳ፣ "ምነው፣ ሌላ ጉዳይ ጠፋ?" የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የስደተኛው ላብ ከሚፈስባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፤ ፖለቲካውም ቢሆን ከስልኩ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ስልኮቹን በአራት ሚዛን ልናስቀምጣቸው ወደድን፤ በዋጋ፣ ተመልሰው ሲሸጡ በሚያወጡት ገንዘብ፣ በክብር፣ በመጨረሻም የትኛውም መደብር በማያሳየን ሚዛን፣ ማለትም በተቀባዩ ደኅንነት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋው

አፕልና ሳምሰንግ ጠላቶች ናቸው ቢባልም በዋጋ ግን ወንድማማች ናቸው። አይፎን 16 በሴፕቴምበር 2024 አውስትራሊያ ውስጥ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 1,399 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2025 ይፋ የሆነው ጋላክሲ ኤስ 25ም መነሻው 1,399 ዶላር ነበር። የሁለቱ ትልልቆች፣ አይፎን 16 ፕሮ ማክስና ጋላክሲ ኤስ 25 አልትራም፣ እኩል በ2,149 ዶላር ጀመሩ። በሴፕቴምበር 2025 የተከተለው አይፎን 17ም እንደገና በ1,399 መጣ።

ይህን ገንዘብ ወደ ጉልበት እንመንዝረው። በጁላይ 1 ቀን 2025 የአውስትራሊያ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 24.95 ዶላር ሆነ። በዚህ ደመወዝ ቢሮ የሚያጸዳ ወገናችን 1,399 ዶላር ለማግኘት 56 ሰዓት መሥራት አለበት፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፈል። የአንድ ሳምንት ከግማሽ ሙሉ ሥራ ማለት ነው።

ወደ አገር ቤት ደግሞ እንመንዝረው። 1,399 የአውስትራሊያ ዶላር በግምት 900 የአሜሪካ ዶላር ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በ130 ብር ብናሰላው ስልኩ 117,000 ብር ነው። ከሴፕቴምበር 2025 በተደረገው የደመወዝ ጭማሪ መሠረት ደግሞ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ወጣት መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ሳይበላ ሳይጠጣ የአሥር ወር ደመወዝ! በስጦታ የምንሰጠው ይህን ነው።

ከዚህ የባሰው የዱቤው መንገድ ነው። የስልክ ኩባንያዎቹ ዋጋውን በ24 ወይም በ36 ወር ከፋፍለው ያቀርባሉ። 1,399 ዶላር ለ36 ወር ሲከፋፈል በወር 39 ዶላር ስለማይሞላ የሚከብድ አይመስልም። ነገር ግን ስልኩ በሁለተኛው ወር አዲስ አበባ ይገባል፤ ዕዳው ሠላሳ አራት ወር ሙሉ እዚህ ይቀራል። ወንድምየው ስልኩን ሸጦ ሌላ በሚጠይቅበት ጊዜ እንኳ የመጀመሪያው ገና ተከፍሎ አያልቅም።

ብዙዎች የማይጠቀሙበት አንድ መብት ግን አለ። ከአንድ ነጋዴ ቢያንስ በ300 ዶላር የተገዛ ዕቃ፣ ግዢው ከጉዞው በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ከሆነና ተጓዡ ዕቃውንም ደረሰኙንም ይዞ ከቀረበ፣ የተከፈለበት የሽያጭ ግብር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይመለሳል። ይህም የዋጋው አንድ አሥራ አንደኛ ነው፤ ከ1,399 ዶላር 127 ዶላር ያህል። የገዛውም የሚጓዘውም አንድ ሰው መሆን አለበት፤ ደረሰኙ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነም የገዢው ስም ሊጻፍበት ይገባል። ዜግነት አይጠየቅበትም።

ተመልሶ ሲሸጥ

በዚህ ሚዛን አይፎን ይመራል። ምክንያቱ ውበቱ አይደለም። አፕል በዓመት የሚያወጣቸው ሞዴሎች ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውንም ቶሎ አይሰብርም፤ ለአሮጌ ስልኮቹም ለዓመታት የሶፍትዌር ማሻሻያ ይልካል። ሳምሰንግ በአንጻሩ አዲስ ስልክ ባወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ቅናሽና ምርቃት ያበዛል። አዲሱ ሲረክስ ያገለገለው አብሮ ይረክሳል።

ልዩነቱ ግን እየጠበበ ነው። ጉግል በኦክቶበር 2023 ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ከኤስ 24 ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ስለዚህ ሳምሰንግ የሚገዛ ሰው በወጣበት ሳምንት ከመሻማት ቅናሹን ቢጠብቅ፣ በኋላ ሲሸጥ የሚያጣው ገንዘብ ያንሳል።

መርካቶም ሆነ መገናኛ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያየው ባትሪውን፣ ካርቶኑንና መቆለፍ አለመቆለፉን ነው። የቀድሞው ባለቤት ከአፕል መለያው ሳይወጣ የላከው አይፎን ለሌላ ሰው አይከፈትም፤ የሚሸጠው ለመለዋወጫ ብቻ ነው። በአንድ ኩባንያ መስመር ላይ የተቆለፈ ስልክም እንዲሁ ነው። ከመላክ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዶ እነዚህን ማስተካከል ከብዙ የስልክ ጭቅጭቅ ያድናል።

በሌላ በኩል እዚህ ከአገልግሎት የወጣ ሁሉ እዚያም የማይሠራ አይደለም። ቴልስትራና ኦፕተስ በኦክቶበር 28 ቀን 2024 የ3ጂ ኔትዎርካቸውን መዝጋት ሲጀምሩ፣ በ4ጂ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ማድረግ የማይችሉ ስልኮች በአውስትራሊያ መስመር እንዳይሠሩ ታገዱ። ከአገር ቤት ይዘዋቸው የመጡ ስልኮች ድንገት ዝም ያሉባቸው ወገኖች ነበሩ። 3ጂ ባለበት አገር ግን እነዚያው ስልኮች ገና ዕድሜ አላቸው።

ክብሩ

ሞባይል ኢትዮጵያ በገባበት በ1999 ክብሩ የሲም ካርዱ ነበር። በኋላ ኖኪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማኪያቶ ማዘዝ መጣ። ዛሬ ያንን ቦታ አይፎን ይዞታል። ሳምሰንግ የተከበረ ሠራተኛ ሰው ስልክ ሆኗል፤ ቴክኖ ደግሞ የብዙኃኑ።

ይሁን እንጂ ለብዙኃኑ ማን አሰበ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቴክኖ ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ስልኩን አማርኛ አስተምሮ፣ ሁለት ሲም እንዲይዝና ባትሪው መብራት በጠፋበት ቀን እንዲቆይ አድርጎ ያመጣው እሱ ነው። በሜልቦርን መሃል መደብሮች ስሙ ባይነሳም ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአፍሪካን ገበያ የያዙ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለእናት የሚያስፈልጋት ልጇን አይታ የምታነጋግርበት ስልክ ከሆነ፣ እዚያው አገር ቤት የሚገዛ ቴክኖ ይበቃታል፤ ሲበላሽም ጠጋኙ በየመንደሩ አለ።

በክብር ነገር ሜልቦርን ራሷ ያስተማረችን ትምህርት አለ። በዲሴምበር 2017 የቪክቶሪያ መንግሥት በከተማው ዋና አደባባይ፣ በፌዴሬሽን ስኩዌር፣ አንድ ሕንፃ ፈርሶ የአፕል መደብር እንዲሠራ መስማማቱን አስታወቀ። ነዋሪው ግን "አደባባዩ የሕዝብ ነው" ብሎ ተነሳ። በኤፕሪል 2019 የቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲከለክል እቅዱ ተሠረዘ። በዓለም የታወቀው ብራንድ በአደባባይ ተሸነፈ፤ ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተሰደደም። እኛ አደባባይ ወጥቶ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከምናውቅ አገር የመጣን ሰዎች ይህን በቅናት ነው የምናየው።

ፍርድ ቤቶቹም ቢሆኑ ለስም አልራሩም። በሌላ ጠጋኝ የተሠራ ስልክ ዋስትና የለውም ብሎ ደንበኞችን በማሳሳቱ አፕል በጁን 2018 የ9 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ጋላክሲ ስልኮቹ ውሃ መቋቋማቸውን በተመለከተ ባሰራጨው አሳሳች ማስታወቂያ ሳምሰንግ በጁን 2022 የ14 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት። ሁለቱም እኩል ዋጋ እንደሚጠይቁ ሁሉ ሁለቱም ተቀጡ።

ኬላው ላይ

የመጨረሻው ሚዛን ከሁሉ ይከብዳል። ከ2005 ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ እስከ 2007 ቆየ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በማርች 2014 ባወጣው ዘገባ፣ የጸጥታ ሰዎች የማንኛውንም ደንበኛ የጥሪ ዝርዝር ያለ ከልካይ እንደሚያዩ፣ የተቀዳ የስልክ ንግግርም በምርመራ ላይ እንደሚያቀርቡ ገለጸ። ከውጭ አገር የተደወለ ስልክ ብቻውን ጥርጣሬ የሚያስነሳበት ዘመን ነበር። መንግሥት ከተለወጠም በኋላ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ኔትዎርክ በሌለበት ከተማ የ2,149 ዶላር ስልክ ፋኖስ ነው።

አይፎን የያዘ ሰው ጽሑፉ በምስጢር የሚሄድ ይመስለዋል። አፕል መልእክትን የሚቆልፈው በሁለት የአፕል ስልኮች መካከል ሲሆን ነው። ከሜልቦርን አይፎን ወደ ደሴ ቴክኖ የሚሄድ ተራ የጽሑፍ መልእክት፣ ተራ የስልክ ጥሪም፣ ለቴሌው ክፍት ነው። ምስጢሩን የሚጠብቀው እንደ ሲግናል ያለው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ በርካሹም በውዱም ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል። የስልክ ዓይነት ልዩነት የሚያመጣው ማሻሻያው ላይ ነው። ማሻሻያ የተቋረጠበት ስልክ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በሩ ያልተዘጋ ቤት ነው። በፊት ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ስልክም በፍተሻ ኬላ ላይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሊከፈት ይችላል፤ የቁጥር መክፈቻ ይሻላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

እንግዲህ የእኛ ምክር ይህ ነው። ስልኩ ወደፊት ይሸጣል ብላችሁ የምትልኩ ከሆነ፣ ያልተቆለፈና ባትሪው ደህና የሆነ ያገለገለ አይፎን ይበልጣል። ለሥራና ለትምህርት ከሆነ፣ ቅናሹ ሲመጣ የተገዛ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ያለው ሳምሰንግ ወይም ፒክስል። ለወላጅ ከሆነ፣ እዚያው የሚጠገን ቴክኖ፤ የተረፈው ገንዘብ ለመድኃኒትና ለጤፍ ይሁን። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ያልተመዘገቡ ስልኮችን መዝጋት የጀመረበትን ጊዜ አትርሱ፤ ከመላክ በፊት በወቅቱ ያለውን የጉምሩክና የምዝገባ ደንብ እዚያ ባለ ሰው አስጠይቁ። በዱቤ ግን ስጦታ አትግዙ።

አገር ቤት ላላችሁ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የምትጠይቁት ስልክ እዚህ በሌሊት ፈረቃ የተሠራ 56 ሰዓት ነው። ብትጠይቁ አንቀየምም፤ ዋጋውን አውቃችሁ ጠይቁ እንጂ።

ቸር ይግጠመን።